ለአንድ ኩሽኔታ ወደ ሶማሌ ተራ

ረቡዕ

ከጅማ የወጣሁት በጠዋት ነው፤ ዝናቡ አላባራም ነበር። መኪናዬን የከተማችን ሰው በሙሉ ያውቃታል። ለማታውቋት ግን፦ ቀይ፣ ሁለት በርና ሁለት ወንበር ብቻ ያላት፣ ከመሬት እምብዛም ከፍ ያላለች ጣሊያን ሠራሽ የስፖርት መኪና ናት። ጣሪያዋ ሸራ ነው፤ ወደ ኋላ ይታጠፋል። የገዛኋት የዛሬ ሃያ ዓመት ግድም ከጎረቤቴ ከነበረ የውጭ አገር የመንገድ መሐንዲስ ነው። ሰውየው ወደ አገሩ ሲመለስ መኪናዋ አልነሳ ብላ ግቢው ውስጥ ቆማ ነበር። እኔ ያኔ መድኃኒት ቤቴን የከፈትኩበት ጊዜ ነው። ባል የለኝ፣ ልጅ የለኝ፣ «ምን ያደርግልሻል» የሚለኝም ሰው ስላልነበረ ወሰድኳት።

ያስነሱልኝ ጋሽ መኮንን ናቸው። ጅማ መናኸሪያው ጀርባ ጋራዥ ነበራቸው። የራሷ ሞተር አልሆን ሲል የሚኒባስ ሞተር ገጠሙላት። ራዲያተሯ የፒክአፕ ነው። ኮብልስቶኑ ሆዷን እየፋቀ ሲያስቸግር ከሥር ደግፈው ከፍ አደረጓት። ሸራው ሲቀደድ ከድንኳን ሸራ ቀድጄ የሰፋሁላት እኔ ነኝ። ከቆርቆሮዋ ሌላ የቀራት የራሷ ነገር ካምቢዮዋ፣ ማለትም የማርሽ ሳጥኗ ብቻ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መድኃኒት ቤቱን ዘግቼ ጋራዡ እሄዳለሁ። እሳቸው ከሥር ተኝተው ይፈታሉ፤ እኔ ቁልፍ አቀብላለሁ፣ ፋኖስ እይዛለሁ። ይህን ሁሉ ዓመት «እርስዎ» እንደተባባልን ኖርን። እሳቸው «እትዬ ሰብለ» ይሉኛል፤ እኔ «ጋሽ መኮንን» እላለሁ።

ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ ምሳ በልተው እጃቸውን ሊታጠቡ ሲነሱ ወደቁ። ልባቸው ነው ተባለ። ባለቤታቸው ቀደም ብለው አርፈዋል፤ ሁለቱ ሴቶች ልጆቻቸው ከሩቅ መጥተው ቀበሯቸውና ጋራዡን ለሌላ ሰው አስረክበው ሄዱ። ለቅሶው ላይ ከደንበኞቹ ጋር ድንኳኑ መጨረሻ ላይ ተቀመጥኩ። አጠገቤ የነበረች ሴት «ዝምድናችሁ በምን በኩል ነው?» አለችኝ። «መኪናዬን ይሠሩልኝ ነበር» አልኳት። ሴትየዋ ራሷን ነቅንቃ ወደ ሌላ ሰው ዞረች።

ብዙም ሳይቆይ፣ እሳቸው «ኩሽኔታው እያለቀ ነው» ይሉት የነበረው ካምቢዮ ማጓራት ጀመረ፤ ሦስተኛ ማርሽ ሳስገባ ትተፋዋለች። ከተማችን ያሉት መካኒኮች ኮፈኗን ከፍተው አይተው ይሳሳቃሉ። «እትዬ፣ ይቺን ሽጠሽ አንድ ደህና መኪና ግዢ» አለኝ አንዱ። ጋሽ መኮንን ዕቃ የሚያስመጡት አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ ካለ ሐጂ ነስሩ ከሚባል ነጋዴ እንደነበር አውቃለሁ፤ ከዚያ ሌላ የማውቀው ነገር የለም። ስለዚህ እሱን ፍለጋ ተነሳሁ።

እስከ ጊቤ ሁለተኛና አራተኛ እያፈራረቅሁ ወረድኩ። ቁልቁለቱ ላይ ሙቀቱ እንደ ምድጃ ነው፤ ከኛ ደመና ወጥቶ እዚያ መግባት ሌላ አገር የመሻገር ያህል ነው። ዳገቱን ስትወጣ የተቃጠለ ዘይት ሸተተኝና ወልቂጤ ላይ ለማደር ወሰንኩ። ያገኘሁት ፔንሲዮን የግቢው በር ደፍ ከፍ ያለ ስለሆነ የመኪናዬ ሆድ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ ወደፊትም ወደኋላም የለም። ዘበኛው ሳንቃ ፈልጎ አመጣ። ራት ይበሉ የነበሩ ሁለት ሹፌሮች እጃቸውን ሳይታጠቡ ተነስተው ከኋላ አነሷት። ዝናብ ሲመጣ ዘበኛው የራሱን ላስቲክ ሸራዋ ላይ ደረበላት። የቤቱ ባለቤት ሽሮ አቀረበችልኝና «ሰው ይመጣል?» ብላ ሁለተኛ ወንበር ልታስጠጋ ስትል፣ «የለም፣ ብቻዬን ነኝ» አልኳት።

ሐሙስ

ሰበታን አልፌ አዲስ አበባ ስገባ ፀሐይ ወጥቶ ነበር። በጦር ኃይሎች በኩል ወደ አብነት ወረድኩና ከዚያ በኋላ መንዳት ሳይሆን መገፋት ሆነ። የጅማ ትልቁ ገበያ የሚውለው ሐሙስ ነው፤ መርካቶ ግን በየቀኑ ሐሙስ ነው። ተሸካሚው ፍራሽ ደራርቦ «መንገድ! መንገድ!» እያለ ይመጣል፤ ዓይኑ አይታይም፣ እናንተ ናችሁ የምትሸሹት። ጋሪው ከግራ፣ ሚኒባሱ ከቀኝ። እኛ ዘንድ በመኪናዬ ሳልፍ ሰው ቆሞ ያያል። እዚህ ኮፈኗን በመዳፉ መታ መታ እያደረገ አልፏት ይሄዳል። ያን ያህል ሕዝብ መሐል ያን ያህል ብቻዬን ሆኜ አላውቅም።

ሶማሌ ተራ የመኪና ዕቃ መንደር ነው። በር ለብቻው፣ መስታወት ለብቻው፣ መሪ ለብቻው ተሰቅሎ ታገኛላችሁ። ሐጂ ነስሩን ሁለት ቦታ ጠይቄ አገኘኋቸው። ነጭ ጢም ያላቸው፣ ቆፍጣና የስልጤ ሰው ናቸው። ሱቃቸው ጠባብ ናት፤ እስከ ጣሪያው በካርቶን ተሞልታለች። ፊት ለፊት ቆርቆሮ የሚቀጠቅጡ ሰዎች ስላሉ መነጋገር የሚቻለው በጩኸት ነው።

«ከጅማ ነው የመጣሁት» አልኳቸው። «ጋሽ መኮንን...»

«የት ጠፋ ይሄ ሰው!» አሉ ሐጂ። «ስልክ አያነሳ! ኩሽኔታ እዘዝልኝ ብሎ አዋክቦኝ፣ አስመጥቼለት ይኸው አቧራ ይጠጣል። ምን አስቀየምኩት?»

«አርፈዋል» አልኩ።

«እ?»

«አርፈዋል!»

እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ።

«ሞተዋል!» ብዬ ጮህኩ። በአፌ ያልኩት ያኔ ነው፤ እስከዚያች ቀን ድረስ ቃሉን ተናግሬው አላውቅም ነበር።

ሐጂ ካርቶኑ ላይ ቁጭ አሉና «ኢንና ሊላሂ» አሉ። ዓይናቸው ሞላ። ቀና አሉና «አንቺስ ማን ነሽ እህቴ?» አሉኝ።

በሩ ላይ ወደቆመችው መኪና እያመለከትኩ፣ «ባለቤቷ ነኝ» አልኩ።

የፊት ለፊቱ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ መዶሻ የወረደው ልክ ያን ጊዜ ነው። ሐጂ ብድግ አሉ። «ባለቤቱ ነሽ? አንቺ ነሽ?» እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «አላህ ያጽናሽ። አላህ ሶብሩን ይስጥሽ። ስላንቺ ስንት ሰምቻለሁ!»

ላርማቸው አፌን ከፍቼ ነበር። አንድ ፊደል ናት። ግን «ስላንቺ ስንት ሰምቻለሁ» ያሉት ነገር ያዘኝ። «ምን ሰሙ?» አልኩ።

«'ሐጂ፣ ፍጠን፣ ባለቤቴ ቸኩላለች' ይለኛል። 'ባለቤቴ ጥራት ያለው ካልሆነ አትወድም' ይለኛል። ሁልጊዜ ባለቤቴ፣ ባለቤቴ። የመጀመሪያዋን ካጣ በኋላ ሰው አገኘ ብለን ደስ ብሎን ነበር እኮ!»

ጋሽ መኮንን ያሉት «ባለቤቷ» እንደሚሆን ገባኝ። ስልኩ ከዚያ ጩኸት መሐል ነው የሚነሳው። ላስረዳ ስል ሐጂ የሱቁን በር ግማሽ ዘግተው ለጎረቤቶቻቸው «የመኮንን ባለቤት መጥታለች፣ መኮንን ሞቷል» እያሉ ይናገሩ ነበር። ሽማግሌዎቹ ከየሱቃቸው ብቅ ብቅ አሉ። ጋሽ መኮንን በወጣትነታቸው እዚያው ሠፈር ጋራዥ ሠርተው ነበርና ያውቋቸዋል። አንድ በአንድ መጥተው «እግዜር ያጽናሽ»፣ «አላህ ያጽናሽ» አሉኝ። ዝም ብዬ ተቀበልኩ።

ማደሪያ ልፈልግ ስል ሐጂ ተቆጡ። «የመኮንን ቤተሰብ፣ እዚሁ ሰባተኛ ሠፈር ቤት እያለኝ አልጋ ሊከራይ?» ወደ ቤታቸው ወሰዱኝ። ባለቤታቸው ዘይነባ በኔ ዕድሜ ትሆናለች፤ ዝምተኛ ሴት ናት። የእንግዳ ክፍሏን ከፈተችልኝና አዲስ ብርድ ልብስ ከላስቲኩ አውጥታ አነጠፈችልኝ። የኔ ቤት ሲመሽ እንቁራሪት ነው የሚሰማው። እዚህ ከግድግዳው ወዲያ ሰው ያወራል፣ ልጅ ይስቃል፣ ድስት ይታጠባል። ተኝቼ አዳመጥኩ።

ዓርብ

ጠዋት ሐጂ የሚያውቁት መካኒክ ከሱቁ ጀርባ ባለች ግቢ ካምቢዮውን አወረደ። ያረጀው ኩሽኔታ ወጣ፤ ኳሶቹ ተበልተዋል። ሐጂ ያስመጡት አዲሱ ልኩ ትንሽ አነስ ያለ ስለሆነ ብረት ወደሚቀረጽበት ቶርኖ ቤት ሄዶ ቀለበት ሊወጣለት ነው። ቁልፍ ላቀብል እጄን ስዘረጋ መካኒኩ ደነገጠ፤ «እርስዎ ይቀመጡ እማማ፣ ይቆሽሻሉ» አለኝ። ተቀመጥኩ። ሌላ ሰው ሲፈታት ቁጭ ብዬ ማየት እንዲህ ይከብደኛል ብዬ አላሰብኩም።

ወደ ጁምዓ ሁሉም ዘግቶ ሄደ። መርካቶ ለአንድ አፍታ ጸጥ አለች፤ የሰማሁት ጸጥታ ያ ብቻ ነው። ከስግደት በኋላ ሐጂ ሰዎቹን ቤታቸው ሰበሰቡ። ለመኮንን ዱዓ ሊደረግ፣ እኔንም ሊያጽናኑ ነው። ክርስቲያኖቹም መጡ። ዘይነባ ምሳ ስታቀርብ የኔን ለብቻ አመጣችው፦ ቆጮ፣ በዘይት የተሠራ ጎመን። «ዛሬ ዓርብ ነው፣ ጾም ነሽ፤ ቅቤ አልነካውም» አለች በለሆሳስ። መጾሜን እኔ ራሴ እንኳ ረስቼው ነበር።

አንድ ሽማግሌ መኮንን ድሮ ሥራ ላይ ሲዘፍን ሠፈሩን እንደሚያስቆም አወሩ። ሌላው ውሻ ይፈራ እንደነበር፣ ከአንዲት ቡችላ ሸሽቶ ጣሪያ ላይ እንደወጣ ተናግረው ሰዉን አሳቁ። እኔ ጋሽ መኮንን ሲዘፍኑ ሰምቼ አላውቅም። ውሻ እንደሚፈሩም አላውቅም ነበር። ሰዉ ወደኔ እየዞረ «እውነት አይደለም?» ሲል ፈገግ እላለሁ።

«ታሞ ነበር?» አሉኝ አንዱ።

«አልታመመም» አልኩ። «ድንገት ነው የወደቀው።»

«እሱ» ብዬ ስጠራው የመጀመሪያዬ ነው። ለሚስት «እሳቸው» ማለት የሚከብድ መስሎኝ ነው ያልኩት፤ አፌ ላይ ግን እንደ ልማድ ቃል ገባ። ከዚያ ወዲያ መመለስ አልቻልኩም፤ እዚህም የምጽፈው እንደዚያው ነው።

«በመጨረሻ ምን አለ?»

«አልነበርኩም» አልኩ። «ሲሞት አጠገቡ አልነበርኩም።» አለቀስኩ። ያ ሁሉ ሰው በኔ ለቅሶ አንገቱን ደፋ። ዘይነባ ከጎኔ ተቀምጣ ጀርባዬን ያዘችኝ። የያዘችኝ ለሌላ ሴት በሚገባ ሐዘን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ተደገፍኩባት።

ቅዳሜ

ካምቢዮውን እስኪገጥሙ ድረስ በእግሬ ወደ አማኑኤል ሄድኩ። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ዛፍ ሥር ተቀመጥኩ። ሊነገር የሚገባውን ነገር በልቤ እየደረደርኩ ነበር፦ «ሐጂ፣ አንድ ስሕተት አለ...» መናገሬ ምን ያሳጣኛል? ቤታቸውን ያሳጣኛል፣ እውነት ነው። ይበልጥ የከበደኝ ግን ተመልሼ ድንኳኑ መጨረሻ ላይ መቀመጤ ነው። ጅማ ብሆን ይህን የምነግረው ሰው መኮንን ነበር። ቅዳሜም ነው።

ስመለስ መኪናዋ ተነስታ ጠበቀችኝ። ሐጂ «እስቲ እንሞክራት» ብለው ጎኔ ገቡ፤ ቁመታቸው ረጅም ስለሆነ ጉልበታቸው አገጫቸው ሊደርስ ምንም አልቀረው። ወደ አብነት ወጣን። ሦስተኛ አስገባሁ፤ ያዘች። ማጓራቱ የለም። ሐጂ እንደ ልጅ ሳቁ። «መኮንን ይህን ቢያይ!» አሉ። መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው፤ ከኋላችን ሚኒባሱ ጡሩምባ ነፋ፣ እኔም ነዳሁ።

እሑድ

ጠዋት ዘይነባ የመንገድ ስንቅ ስትቋጥርልኝ ማድቤት ገባሁ። ዳቦ በጨርቅ እየጠቀለለች ነው።

«ዘይነባ፣ እኔ የመኮንን ሚስት አይደለሁም።»

እጇ ቆመ። «አልተጋባችሁም ነው የምትዪው?»

«አልተጋባንም። አብረን አልኖርንም። መኪናዬን ይሠራልኝ ነበር፣ እሱ ብቻ ነው። 'ባለቤቷ ነኝ' ስል ሐጂ 'ባለቤቱ' ብለው ሰሙኝ። ዝም አልኩ።»

«ለምን?»

«እዚያ ጅማ ማንም 'ያጽናሽ' አላለኝም» አልኩ። «ምኑ ነሽ ብለው ይበሉኝ?»

ፊቷ ላይ ቁጣ ይሁን ሌላ ነገር መለየት አልቻልኩም። ዳቦውን ጠቅልላ ጨረሰችና «ሐጂ ይስማው» አለች። ራሷ ጠርታ አመጣቻቸው።

ሐጂ ሲሰሙ ፊታቸው ጠቆረ። «ሰው ሰብስቤ እኮ ነው» አሉ። «ሽማግሌዎቹን ከየሱቃቸው አስነስቼ። ምን ልበላቸው አሁን?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ።

«ዱዓው ለሟቹ ነው የተደረገው» አለች ዘይነባ። «እሱ ደግሞ ሞቷል፤ ያ ውሸት አይደለም። ልቅሶዋንም አይተኸዋል።»

ሐጂ ወደ ውጭ ወጥተው መኪናዋ አጠገብ ቆሙ። ሻንጣዬን ጭኜ ልሰናበታቸው ስጠጋ፣ ዓይኔን ሳያዩ፣ «ስሚኝማ» አሉ። «ጆሮዬ ተሳስቷል ነው የምትዪው። ይሁን፣ የኛ ሠፈር ጩኸት ነው። ግን አንድ ነገር አለ። አንድ ቀን በስልክ 'ከዚችኛዋ ልጅ አላችሁ ወይ?' ብዬ ጠየቅሁት።»

«ምን አለ?»

«ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ 'ሃሎ፣ ሃሎ' ስል፣ 'አለሁ' አለኝ። 'እሱ እንኳ አልሆነልንም ሐጂ፣ ሁለታችንም ዘግይተን ነው የተገናኘነው' አለኝ።» ያኔ ቀና ብለው አዩኝ። «ይህንን በደንብ ነው የሰማሁት። ሱቁ ዝግ ነበር፤ ከቤት ነው ያናገርኩት።»

ሐጂ በሩን ከፈቱልኝ። «በይ ሂጂ፣ መንገድ ሳይሞላ» አሉ። «ስትደርሺ ደውዪ። ለሽማግሌዎቹ እኔ የማውቀውን እነግራቸዋለሁ።» የትኛውን እንደሚነግሯቸው አልጠየቅሁም።

ሰበታን፣ ቱሉ ቦሎን፣ ወልቂጤን ያለፍኩት እንዴት እንደሆነ አላስታውስም። ማርሹ ሁሉ እንደ ቅቤ ይገባል። ሐጂ ስለ ልጅ ሲጠይቁት መኮንንም አላረመም፤ እንደኔው ዝም አለ። ከኔ የሚለየው፣ ዝም ብሎ አልቀረም፤ «ሁለታችን» ብሏል። ለኔ ይህን ቃል ተናግሮ አያውቅም። እኔም ለሱ። እጁ ላይ ያለውን ግሪስ በጨርቅ እየጠረገ «እንግዲህ እስከ ቅዳሜ፣ እትዬ ሰብለ» ይለኛል፤ እኔም «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሽ መኮንን» ብዬ ወደ ቤቴ እነዳለሁ። ይኸው ነበር።

ወደ ጊቤ የሚያወርደው ቁልቁለት ላይ መንገዱ አልታይ አለኝ። ዳር ይዤ አቆምኩ፣ ሞተሩን አጠፋሁና መሪው ላይ ተደፍቼ ጮኼ አለቀስኩ። እዚያ የሚሰማ ሰው የለም። ወንዙ ከታች፣ ገደሉ ከጎን። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ብቻ ቀና ስል አንድ የጭነት መኪና ከፊቴ ቆሟል፤ ሹፌሩ ወርዶ በመስኮቴ በኩል ጎንበስ ብሏል። በዕድሜው ጎልማሳ ነው፣ ፎጣ አንገቱ ላይ ጠምጥሟል።

«እናቴ፣ ምን ሆኑ?» አለኝ። «መኪናዋ ተበላሸችብዎት?»

«የለም» አልኩት። «መኪናዋስ ደህና ናት።»

ከዚያ ከመኪናው ውኃ አምጥቶ ሰጠኝና ፊቴን ታጥቤ እስክጨርስ ድረስ ጀርባውን ሰጥቶኝ መንገዱን ሲጠብቅልኝ ቆየ።